ሞተሩን ልቀይር ወይስ መካኒኩን?

በዚህ አምድ የፍቅር ጣጣ፣ የአማትና የምራት ጭቅጭቅ፣ የቤት ኪራይ ራስ ምታት ስናነሳ ስንጥል ከርመናል። የዛሬው ጠያቂያችን የጻፈልኝ ስለ ልጅት ሳይሆን ስለ ሞተር ነው። ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ግን እንቅልፍ በመንሳት ከፍቅር ደብዳቤ የሚያንስ ሆኖ አላገኘሁትም። እስቲ ከራሱ አንደበት ስሙት፤ ስሙንና ማንነቱን የሚገልጡ ነገሮችን ትቻለሁ።

«የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ምዕራብ ሐረርጌ፣ ሂርና ከተማ ነው። ዓረብ አገር የምትሠራ ታላቅ እህቴ ሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን ብር ላከችልንና ከባለቤቷ ጋር ሆነን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ገዛን። ከሂርና አሰበ ተፈሪ፣ አንዳንዴም እስከ ቁልቢ በኮንትራት እሠራበት ነበር። ባለፈው ክረምት ሞተሩ ዘይት መብላት ጀመረና በመጨረሻ አለቀለት። አዲስ አበባ ወርጄ ከሶማሌ ተራ ያው ዓይነት ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። የገጠመልኝ እዚሁ ከተማችን ጋራዥ ያለው አብሮ አደጌ ነው።

«ከዚያ ወዲህ መኪናው ጤና የለውም። አንዴ በሦስት ይሠራል፣ አንዴ በአራት። ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ያስላል፣ አልፎ አልፎ በማርሚታ ይተኩሳል። አራቱንም ካንዴላ ቀየርን፤ ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ስለሚደክም አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ያው ነው። ያገለገለ ካርቡሬተር ፈልጌ ገጠምን፤ ያው ነው። ሻጩ ስደውልለት ‹ሞተሬ ንጹሕ ነው፣ የመካኒክህ እጅ ነው› ይለኛል። መካኒኩ ደግሞ ‹የሞተ ሞተር ነው የሸጡልህ› ይላል። የእህቴ ባል ጓደኛዬን አኩርፎታል፤ ሌላ ሞተር ገዝተን በሌላ መካኒክ እናስገጥም እያለ ነው። ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ መኪናው እየሠራ ይመስላታል። ማታ መብራት ሳበራ ደግሞ ይብስበታል። የነዳጅ መርገጫው ሽቦም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሲነኩት ያቃጥላል። ሞተሩን ልቀይር ወይስ መካኒኩን? በጣም ተጨንቄያለሁ።»

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። መልሴን ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አትቀይር። እስካሁን ሦስት ነገር ቀይረሃል፤ ካንዴላ፣ ባትሪ፣ ካርቡሬተር። ለመሆኑ የለካህው ስንቱን ነው? በደብዳቤህ ውስጥ አንድም የተለካ ነገር አላገኘሁም። ሁሉም በግምት፣ ምናልባትም በበርጫ ላይ የተሰጠ ምርመራ ነው። በበርጫ ላይ ሁሉም ሰው መካኒክ ነው፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ግን አንተ ነህ።

«ይሄ የሂርና ልጅ ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ የአዲስ አበባ አንባብያንም ጠጋ በሉ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ወደ አገር ቤት እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ሞተር እየቀየሩ ዕድሜውን ማስረዘም የብዙዎቻችን ዕጣ ሆኗል። ዛሬ ሂርና የደረሰው ነገ እናንተ ሰፈር ይደርሳል።

የተነካው ይጠርጠር

ሞተር ተቀይሮ መኪናው በሦስት መሥራት ሲጀምር ሁሉም ሰው ጣቱን የሚቀስረው በሞተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ትልቅ ነው፣ ውድ ነው፣ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ቶሎ ይጠረጠራል። እስቲ ግን አስበው። ሞተር ወርዶ ሌላ ሲገጠም የካንዴላ ገመዶች ይነቀላሉ፣ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ይነቀላሉ፣ የነዳጅ ቱቦ ይፈታል፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ይላቀቃሉ፣ የባትሪ ገመዶች ይፈታሉ። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይታሰራል። ከእነዚህ አንዷ ከተረሳች፣ ከተሳሳተች ወይም ከላላች ደህናው ሞተር የታመመ ይመስላል። ስለዚህ ከሞተር ቅየራ በኋላ ለሚመጣ በሽታ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሰው እጅ የፈታውና ያሰረው ቦታ ነው። ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሃቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ መብራት ስታበራ መባሱና የነዳጅ መርገጫው ሽቦ ማቃጠሉ። የጤና ባለሙያ በሽተኛው ሊወጣ በር ላይ ሲደርስ «ለነገሩ ደሜም ይፈሳል» ቢለው እንደሚደነግጠው ነው የደነገጥኩት።

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት። ሞተሩ የተቀመጠው ደግሞ በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለዚህ ሲባል ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭና ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያገናኝ ወፍራም ገመድ አለ፤ መካኒኮቻችን ማሳ ይሉታል። ይህ ገመድ ሳይታሰር ከቀረ፣ ወይም በዝገትና በቀለም ላይ ከታሰረ፣ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። የሚያገኘውም ከቦዲው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የነዳጅ መርገጫ ሽቦ ነው። ያ ቀጭን ሽቦ ሞተሪኖው የሚስበውን ያህል ኃይል ሲሸከም ይግላል። ሞተሪኖው የሚደክመውም፣ አዲሱ ባትሪ ያልፈየደልህም፣ መብራት ሲበራ የካንዴላው እሳት የሚሰንፈውም በዚሁ ሊሆን ይችላል። የአራቱ ሕመም አባት አንድ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሳላየው አልምልም። ሙከራው ግን አምስት ደቂቃም አይፈጅም፣ አንድ ሳንቲምም አያስወጣ። ባትሪው ለደከመ መኪና ከሌላ መኪና ኃይል የሚሰጥበትን ወፍራም ገመድ ከአንድ ሾፌር ተዋስ። ሞተሩን አስነሣ፣ መብራቱን አብራ። የገመዱን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ቀለምና ቅባት በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ያዝ። ከሚሽከረከር ቺንጋና ከፋኑ አርቀው። ሞተሩ ከተረጋጋ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ማሳውን አጥብቆ ማሰር፣ የሚታሰርበትንም ብረት በሸካራ ወረቀት ማጽዳት ብቻ ነው የሚቀርህ። የጋለውንም የመርገጫ ሽቦ አስመርምረው፤ ውስጡ ቀልጦ ከሆነ ዳገት ላይ ተይዞ ሊቀርብህ ስለሚችል ይቀየር።

ያ ካልሆነስ?

ካልሆነ በተራ እንሂድ። የምነግርህ ከቀላሉና ከርካሹ ወደ ከባዱ ነው፤ ተራውን አትዝለል።

አንደኛ፣ በሽተኛው ሲሊንደር የትኛው እንደሆነ ለይ። ሞተሩን አጥፋ፤ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀልና በትርፍ ካንዴላ ላይ ሰክተህ ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካው፤ ከዚያ አስነሣ። ሞተሩ ይበልጥ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካላመጣ ሰነፉ እሱ ነው። እንዲህ እያልክ አራቱንም ዙር። እየሠራ ባለ ሞተር ላይ ገመዱን በባዶ እጅህ አትንካ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው ያለው። ነዳጅ የሚያንጠባጥብበት ቦታም ካለ መጀመሪያ እሱን አስደፍን።

ሁለተኛ፣ አቀያይር። የሰነፉን ሲሊንደር ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር ለዋውጥ። ሕመሙ ወደ ጎረቤቱ ከተሻገረ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ካልተሻገረ በገመዱ እንዲሁ አድርግ። አዲስ የተገዛ ካንዴላ ሁሉ ጤነኛ ነው ብለህ አትመን፤ ገበያው አስመስለው በሠሩት የተሞላ ነው።

ሦስተኛ፣ የገመዶቹን ተራ እይ። የአብዛኞቹ ቶዮታዎች ሞተር እሳት የሚቀበለው በ1-3-4-2 ተራ ነው። በ1-2-4-3 የሚሄዱም ሞተሮች አሉ፤ አሮጌዋ ቮልስዋገን ደግሞ 1-4-3-2 ነች። በሐረር ከተማ በታክሲነት የምናውቃት ፔጆ 404ማ ጭራሽ አንድ ቁጥሯን የምትጀምረው ከፊት ሳይሆን ከካምቢዮው በኩል ነው። እንግዲህ በልማድ የሚሠራ እጅ እንዴት እንደሚሳሳት አስበው። ሁለት ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ በሁለት ይሠራል፣ በካርቡሬተርና በማርሚታም ይተኩሳል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የመጣው ሞተር ዲስትሪቢዩተር እንደ አሮጌህ ላይቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ «አንደኛው ገመድ ድሮ እዚህ ጋ ነበር» ማለት አያዋጣም። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጣ፣ ቀዳዳውን በጣትህ ድፈን፣ ጓደኛህ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ እያደረገ በእጁ ያዙረው። አየር ጣትህን ገፍቶ መውጣት ሲጀምርና የፑሊው ምልክት ዜሮው ላይ ሲደርስ አቁሙ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ሮተር የሚያመለክተው ቦታ የአንደኛው ገመድ ነው። ከዚያ በሚዞርበት አቅጣጫ ተራውን ጠብቀህ ሰካ።

አራተኛ፣ ሾልኮ የሚገባ አየር ፈልግ። ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ፣ ነዳጅ ስትሰጠው ግን የሚስተካከል ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ አየር እየሰረቀ ነው። የፍሬን ማገዣው ቱቦ፣ ካርቡሬተሩ የተቀመጠበት ጋስኬት፣ አየርና ነዳጅ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ማኒፎልድ ጋስኬት፣ የተሰነጠቁ ቀጫጭን ቱቦዎች ሁሉ ይጠረጠራሉ። የሳሙና ውኃ በትንሽ መርጫ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ብቻ እርጭ፤ ዲስትሪቢዩተሩና የካንዴላ ገመዶቹ እንዳይነካቸው። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ወይም ውኃው ወደ ውስጥ ከተሳበ ሌባውን ያዝከው። አንዳንዶች በዚህ ሥራ ላይ ቤንዚን ይረጫሉ፤ አንተ እንዳትሞክረው፣ መኪናውም አንተም ትነዳላችሁ።

በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚያስል ከሆነ ወይ እሳቱ ደካማ ነው ወይ ነዳጅ አይደርሰውም።

አምስተኛ፣ ነዳጁን መርምር። ሞተሩ ተቀየረ እንጂ ታንከሩ ያው አሮጌው ነው፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ደለልም እዚያው ተኝቷል። በዚያ ላይ ማደያ ቤንዚን ባጣ ቁጥር በትናንሽ ከተሞቻችን ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይሸጣል። ውስጡ ውኃ ይኑርበት ላምባ ማን ያውቃል? ከነዳጅ ፓምፑ በኩል ትንሽ ቀድተህ በብርጭቆ አስቀምጠው። ውኃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል፣ በዓይንህ ታየዋለህ። ፊልትሮውንም ቀይር፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

የሂርና አየርና የሞተሩ ፍርድ

እዚህ ላይ ደጋ ላይ ለሚነዳ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ልናገር። አዋሽ ከባሕር ወለል ወደ አንድ ሺህ ሜትር ግድም ነች። ከሚኤሶ ዳገቱን ወጥተህ አሰበ ተፈሪ ስትደርስ 1800 ሜትር ገደማ ትሆናለህ፤ ሂርናም ከዚያ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አምስት አንድ እጅ ያህል ያነሰ ነው። ከጠረፍ አገር የመጣ ሞተር ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለዚያው ለወፍራሙ አየር ነው። እኛ ጋ ሲመጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የተወሰነው «አይስብም» የምትለው ነገር የተራራው እንጂ የበሽታ ላይሆን ይችላል። ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል ይረዳዋል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስተኛውና የመጨረሻው ምርመራ የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። በሻጩና በመካኒኩ መካከል ዳኛ የሚሆነው እሱ ነው። ጌጁ ከሌላችሁ አሰበ ተፈሪ ወይም ድሬዳዋ ካሉ ጋራዦች ፈልጉ። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የኮይሉ ሶኬት ይነቀል፣ የነዳጅ መርገጫው እስከ ታች ይረገጥ፣ ሞተሪኖው አምስት ስድስት ዙር ያዙር። የአራቱንም ቁጥር በወረቀት ጻፍ።

ታዲያ መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አነጻጽረህ ሞተሩን እንዳትኮንነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። እዚያ 180 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ሂርና ላይ 145 ገደማ ቢያሳይ ወግ ነው። ይልቅ አራቱን እርስ በርስ አወዳድር። ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተርህ ደህና ነው፣ ሻጩም አልዋሸህም። አንዱ ብቻ በብዙ ከወረደ በዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና ድገም። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ አይገጥምም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ከወረዱ የቴስታታው ጋስኬት ተበልቷል። አራቱም እኩል ከወረዱ ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ፤ ሲገጠም የታይሚንግ ቺንጋው አንድ ጥርስ ተዛንፎ ሊሆን ይችላል።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ፦ ሞተራችሁ በኮምፒውተር የሚሠራ ከሆነ የመጣው ሞተርና በመኪናው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር መግባባታቸውን፣ ሶኬቶቹም በየቦታቸው መሰካታቸውን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ የሞተር መብራት ከበራም ኮዱን አስነብቡት። ናፍጣ ከሆነ ካንዴላ የለውም፤ ከቅየራ በኋላ ቀንደኛው ተጠርጣሪ በነዳጅ መስመር ውስጥ የቀረ አየር ነው። የኖዝሉን ቱቦ መፍታት ግን ለባለሙያ ተዉት፤ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

ጓደኛህና እህትህ

አሁን ወደ ልብህ ጉዳይ። አብሮ አደግህን በተመለከተ፣ ፍርድ ከልኬት በኋላ ይሁን። ይህን ጋዜጣ ይዘህ ሂድና «አንተ ነህ፣ እሱ ነው» ሳትባባሉ አብራችሁ ፈትሹ። የእህትህ ባልም ይምጣ፣ ቆሞ በዓይኑ ይይ። ማሳው ተረስቶ ከተገኘ ለጓደኛህ ውርደት አይደለም፤ ይህን ሁሉ ቱቦና ገመድ ፈትቶ ያሰረ ሰው አንዷን ቢዘነጋ ይቅር የሚባል ነው። ይቅር የማይባለው ሳይለካ «የሞተ ሞተር ነው» ብሎ ሌላ ሞተር ሊያስገዛህ ቢሆን ነበር። አብሮህ ለመፈተሽ እምቢ ካለ ግን ያን ጊዜ መካኒክህን ቀይር፤ ጓደኝነቱ ለብቻው ይቆይ።

ልኬቱ ሞተሩን ከኮነነውም አራቱን ቁጥሮች ይዘህ ሻጩ ዘንድ ሂድ። «አይሠራም» ለሚል ሰው «መካኒክህ ነው» የሚል መልስ አለ፤ ቁጥር ይዞ ለመጣ ሰው መልሱ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ለወደፊቱ ደግሞ ሞተር ስትገዙ ደረሰኙ ላይ የሞተሩ ቁጥርና የመሞከሪያ ቀን ይጻፍ። አሮጌው ከመውረዱ በፊት እያንዳንዱን ገመድና ቱቦ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ሊብሬው ላይ ያለውንም የሞተር ቁጥር ሳትውሉ ሳታድሩ አስለውጡ፤ አለዚያ ለቦሎ ስትቀርቡ ወይም መኪናውን ስትሸጡ ሌላ ጣጣ ይጠብቃችኋል።

እህትህን በተመለከተ ግን አንድ ቀን አትጠብቅ። ዛሬውኑ ደውልላት። መኪናው ያለ ሥራ መቆሙን፣ እስካሁን ምን ያህል እንደወጣ፣ አሁን ምን ልትፈትሽ እንዳሰብክ አንድ በአንድ ንገራት። በሰው አገር የሰው ቤት እያጸዳች ይሁን ሕፃን እያዘለች፣ ያቺ መኪና የሦስት ዓመት ላቧ ናት። ሁለተኛ ሞተር ይገዛ አይገዛ የሚለውን አንተና ባሏ ብቻ የምትወስኑት አይደለም። መኪናው ተስተካክሎ ብትደውልላት ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ። ካልተስተካከለስ? ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ይሻላል።

የሙከራውን ውጤት ጻፍልኝ፣ ሌሎችም ይማሩበታል። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!